ለአሰልጣኙ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

መስከረም ሊያልቅ ገደማ ነው። ኮለምበስ ከተማ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለ አንድ ጎማ ቤት መኪናዬ እስክትደርስ ተቀምጬ ሳንቀላፋ የተቆላ ኦቾሎኒ ሽታ አነቃኝ። ቀና ስል አንድ ጠና ያለ ጥቁር አሜሪካዊ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ከወረቀት ከረጢት እያወጣ ይፈለፍላል። መጀመሪያ ያወቅሁት አፈላፈሉን ነው፤ በሁለት ጣቱ ጠቅ ያደርጋትና ቅርፊቱን በግራ እጁ ይይዛል እንጂ መሬት አይጥልም። ኧርል ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ግሮቭ ሲቲ ካለ መጋዘን ውስጥ ከጭነት መኪና ሳጥን አብረን ስናራግፍ የነበርን ሰው። ተቃቀፍን። እኔ ስለ ጉልበቱ፣ እሱ ስለ ወገቤ ጠየቅን። ከዚያ ወሬያችን በዚህ ከተማ በዚህ ወራት የማንም ወሬ ወደሚሄድበት ሄደ፤ ወደ አሜሪካ ፉትቦል።

«የልጅ ልጄ ያን ትንሹን ኮሌጅ ገብታለች» አለ ኧርል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ጋር አያለሁ። ዲፌንሱ ላይ፣ መከላከሉ ላይ ምንም አልልም። ማጥቃቱ፣ ኦፌንሱ ግን ሞቷል። ያን ፕሌይ የሚጠራውን ሰውዬ እኔ ብሆን ዛሬውኑ አባርረው ነበር።»

ፕሌይ የሚጠራው፣ ቡድኑ የትኛውን ጨዋታ እንደሚጫወት የሚያዘው ሰውዬ ልጄ ናሆም ነው። ኧርል ወንድ ልጅ እንዳለኝ ያውቃል፤ ነገር ግን ያኔ ናሆም ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበርና የት እንደደረሰ አልሰማም። «እኔም የምለው ይህንኑ ነው» ብዬ መለስኩለት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስካሁን አይገባኝም። እፍኝ ኦቾሎኒ ሰጠኝ፣ በላሁ፤ መኪናዬ ደረሰችና ወጣሁ።

እኔን ፉትቦል ያስተማረኝ የኦቾሎኒ ቅርፊት ነው ብል አልዋሸሁም። ዲቪ ደርሶን የመጣን ሰሞን ፍራንክሊንተን ውስጥ አንድ የእንጨት ቤት ምድር ቤቱን ተከራይተን ነበር። ኪራዩ ሦስት መቶ ስልሳ ዶላር ነው፤ ዛሬ በዚያ ብር የመኪና ማቆሚያም አይገኝ። ቤንዚን በጋሎን ከአንድ ዶላር ብዙም ፈቅ አላለም። ጥግ ላይ ያለው ሱቅ የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ ካርዱን በሳንቲም ፍቀን ስንደውል ሠላሳ ደቂቃ አላችሁ ይለንና በአሥራ ሁለተኛው ይዘጋብናል። ልብሳችን ሁሉ ልባሽ ነው። ትከሻው ክንዴ ላይ የሚወርድ ግራጫ የሱፍ ካፖርት ነበረኝ፤ ባለቤቴ ጽጌ «ካፖርቱ ነው አንተን የለበሰህ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እሁድ ጠዋት አምስት ሰው በአንዲት ዝገት በበላት ቶዮታ ታጭቀን፣ ከመደጋገሙ ብዛት የዘፋኙ ድምፅ የተጎተተ ካሴት እየሰማን፣ በብሮድ ስትሪት ድልድይ ወንዙን ተሻግረን ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም እንሄዳለን። ጨዋታው ቅዳሜ አልቋል። የኛ ሥራ የተረፈውን መጥረግ ነው። ግማሻችን ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ በነፋስ መንፊያው ቅርፊቱን ወደ ታች ይነዳል፤ ግማሻችን ከታች በከረጢት ይለቅማል። ያ ሁሉ ሕዝብ ምን አይቶ ይህን ያህል ኦቾሎኒ እንደበላ አናውቅም ነበር። ጽጌ ቅዳሜና እሁድ መጦሪያ ቤት ስለምትሠራ ናሆም ከእኔ ጋር ይመጣል። እኔ ቅርፊት ስለቅም እሱ ሰው ጥሎት የሄደውን የጨዋታ መጽሔት ይለቅማል፤ ቢራ የነካውን በእጅጌው ጠርጎ ሹራቡ ውስጥ ይከተዋል።

ቤት ስንመለስ ምንጣፉ ላይ ቆርኪ ይደረድራል። አሥራ አንድ የኮካ፣ አሥራ አንድ የስፕራይት። እኔ የማውቀው ኳስ ዘጠና ደቂቃ የሚሮጥበትን ነው፤ ይኼኛው በየአምስት ሰከንዱ ተጋጭተው የሚወድቁበትና ዳኛው ቢጫ ጨርቅ የሚወረውርበት ነገር እብደት ይመስለኝ ነበር። «አባዬ፣ እይ» ይለኛል። «አራት ቻንስ አላቸው። አሥር ያርድ ከሄዱ ሌላ አራት ይሰጣቸዋል። ካልሄዱ ለሌላው ይሰጣሉ። እነዚህ አምስቱ ወፍራሞች ኳስ አይነኩም። ሥራቸው ኳስ ወርዋሪውን ሌሎቹ እንዳይነኩት ማድረግ ነው።» እኔ ያን ጊዜ ሙሉ ቀን ሳጥን የምሸከም ሰው ነኝና እነዚያን አምስት ወፍራሞች ወደድኳቸው። ሰው አያያቸውም፤ እነሱ ካልቆሙ ግን ምንም የለም። ሰኞ መጋዘን ስገባ የኧርል ሬዲዮ የቅዳሜውን ጨዋታ ሲተነትን ይውላል፤ እኔም ከናሆም የሰማሁትን ለኧርል፣ ከኧርል የሰማሁትን ለናሆም እያመላለስኩ ሳላስበው አዋቂ ሆንኩ። በሕይወቴ ከልጄ ጋር እኩል ሆኜ ያወራሁት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። አማርኛው እየሳሳ፣ እንግሊዝኛዬ ባለበት እየቆመ ሄደ፤ ቆርኪው ላይ ግን እንግባባ ነበር።

ናሆም ተጫዋች አልሆነም፤ አካሉ እንደ እናቱ ትንሽ ነው። አሰልጣኝ ሆነ። በሌላ ስቴት በየትንሹ ትምህርት ቤት ሲዞር ኖሮ ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ኮለምበስ ያ ትንሽ ኮሌጅ ቀጠረው። ሥራው ይኼ ነው፤ ሰፊ ፕላስቲክ የለበሰ ካርድ ይዞ ከሜዳው በላይ ካለ የመስታወት ክፍል ይቀመጣል፤ ካርዱ ላይ በየቀለሙ የተጻፉ ጨዋታዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ግጭት በፊት አንዱን መርጦ በሄድሴት፣ በጆሮ ማዳመጫው ወደ ታች ይናገራል። ሌሎቹ እሱ ያለውን ይጫወታሉ። ይህን ሥራ ሲያገኝ እኔና ጽጌ ፎረስት ፓርክ ያለችውን ቤታችንን በሯን ቀለም ቀባን። ለምን እንደቀባን አላውቅም፤ አንድ ነገር ማድረግ ስለነበረብን ነው።

ዘንድሮ ግን ጉድ መጣ። በሁለተኛው ጨዋታ ከአምስቱ ወፍራሞች ሁለቱ ተጎዱ። በግራ የሚቆመው ማርከስ የሚባለው ልጅ ጉልበቱ ዞረ፤ ያ ማለት የወርዋሪው ጀርባ ባዶ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሩቅ ለመወርወር የሚሆን ጊዜ የለም፤ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ ሁለት ሰው ይከመርበታል። ስለዚህ ናሆም አጫጭሩን ብቻ ይጠራል፤ ሦስት ያርድ፣ አራት ያርድ፣ አንዳንዴ ምንም። ሕዝቡ ይጮሃል። ስድስት ነጥብ፣ ዘጠኝ ነጥብ፣ አንድ ቀን ባዶ። ከኋላዬ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ በየቅዳሜው «ፈሪ ነው፣ ፈሪ ነው» እያሉ ስኒከራቸውን ከመቀመጫው ብረት ጋር ያጋጫሉ። እኔ ዞር ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ጨዋታ ካለቀ በኋላ መኪና ውስጥ እቀመጥና ሞተር ሳላስነሳ እቆያለሁ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ለልጄ ብዬ የምፈራው ፍርሃት፣ ለራሴ ከፈራሁት ሁሉ እንደሚበልጥ ያኔ ነው ያወቅሁት።

አንድ እሁድ ናሆም ምሳ ሊበላ መጣ። ከስቷል። ካርዱን አውጥቶ ማዕዱ ላይ ዘረጋውና ጣቱን አንዲት ቢጫ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይቺን አየሃት? እስካሁን ኮል አድርጌ አልጠራኋትም» አለኝ። «አጭሩን ደጋግሜ የምጠራው ዝም ብዬ አይደለም። የሚገጥመን ዲፌንስ ሁሉ እየለመደው ወደ ፊት እየተጠጋ ነው። ማርከስ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ያን ቀን አጭር የምንወረውር እንመስላለን፤ እነሱ ሲጠጉ ከጀርባቸው ረጅሙን እንለቀዋለን። አራት ሰከንድ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ዋና አሰልጣኙስ?»

«በየቀኑ ይጨቀጭቀኛል። ካርዱን ለሌላ ልስጥ ይላል። ግን ቪዲዮውን እያሳየሁት ነው፤ ሂ ኢዝ ካሚንግ አራውንድ፤ እያመነኝ ነው።»

ጽጌ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋች። እኔ ቢጫዋን መስመር ሳያት ቆየሁ። ልክ ነበር። እንደ ቆርኪው ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ልጄ ልክ እንደሆነ በዚያች እሁድ በደንብ አውቄያለሁ፤ ይህን የምለው በኋላ የሠራሁትን ስነግራችሁ ሳያውቅ ነው እንዳትሉልኝ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ተሸነፉ። ማክሰኞ ዕለት የአካባቢው ሬዲዮ አሰልጣኙ ፕሌይ ጠሪውን ሊቀይር ነው አለ። ጽጌን ሳልነግር ጃኬቴን ለብሼ ሐጂ ከድር ቤት ሄድኩ። ሐጂ ሠላሳ ዓመት ትራክ የነዱ፣ በእንግሊዝኛ ከፖሊስም ከደላላም ጋር ተከራክረው የሚረቱ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ ሦስት መንገድ ይርቃል። ጋሽ ሙላትም እዚያው ነበሩ፤ ኤርፖርት ፓርኪንግ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ የዚህ ሰፈር ባልና ሚስት ሁሉ የታረቀው በእሳቸው እጅ ነው። ነገሩን አጫወትኳቸው። አሰልጣኙ ዘንድ ሄደው ለልጄ ይለምኑልኝ አልኩ።

«ጥፋቱ ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ።

«ጥፋት የለውም።»

ጋሽ ሙላት መነጽራቸውን አወለቁ። «ወርቅነህ፣ ጥፋት ከሌለው ምን ብለን ነው ምሕረት የምንለምነው? ሰውየው ‹ምን አደረገኝና ነው የመጣችሁት› ቢለን ምን እንመልሳለን? አንድ ነገር ስጠን። ትንሽም ብትሆን።»

እውነታቸውን ነው። ሽማግሌ ባዶውን አይሄድም። ይቅርታ የሚባለው ነገር በደል ይፈልጋል፤ በዳዩ ‹አጥፍቻለሁ› ካላለ ተበዳዩ የሚምረው ነገር የለም። ስንት ዕርቅ ላይ ተቀምጬ፣ ያላጠፋው ሰው ለሰላም ሲል ‹እሺ፣ የኔ ነው› ብሎ ተነስቶ ጉልበት ስሞ ነገሩ ሲያልቅ አይቻለሁ። ያማረ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁንም ያማረ ነው፤ ቦታው ላይ ሲሆን።

«እንግዲያው ግትር ነው በሉት» አልኩ። «የበላይ አይሰማም፣ ልጅነት ነው፣ ከእንግዲህ ይሰማል በሉት። አባቱ ያውቀዋል፣ አባቱ ነው የላከን በሉት።»

«ይበቃል» አሉ ጋሽ ሙላት። «በዚህ ይታረቃል።»

ማታ ለጽጌ ስነግራት ልብስ እያጠፈች ነበር። «ናሆምን ጠይቀኸዋል?» አለችኝ። ሽማግሌ የሚላከው ልጁ ተጠይቆ ነው እንዴ አልኳት። «እዚህ አገር ሁሉም ነገር ተጠይቆ ነው» አለችና ፎጣውን አንስታ ወጣች። ተቆጣሁ። ሁልጊዜም ትክክል ስትሆን እቆጣለሁ።

በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት ኮሌጁ ድረስ እኔው ነዳሁላቸው። ላኪ አብሮ አይገባምና መኪና ማቆሚያው ውስጥ ጠበቅሁ። ሐጂ ሱፋቸውን ለብሰው ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፤ ጋሽ ሙላት ሱፋቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። ተማሪዎቹ ቆመው እያዩአቸው በመስታወቱ በር ገቡ። በሃያ ደቂቃ ተመለሱ። ሁለቱም ፊታቸው በርቷል።

«ተቀበለን» አሉ ሐጂ መኪናው ውስጥ ገና ሳይገቡ። «ተቀመጡ አለን። እሺ ሳትለን አንቀመጥም አልነው። ግራ ገባው፤ ውሃ ላምጣላችሁ አለን። እሺ በለን ነው የምንልህ አልነው። በመጨረሻ እሺ፣ እሺ አለ።»

«አመሰገነንም» አሉ ጋሽ ሙላት። «‹ይህን ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ግልጽ አደረጋችሁልኝ› አለ። ሁለቴ ነው ያለው።»

ሁለቴ ያለው ለምን ይሆን አልኩ በልቤ። ግን ሽማግሌዎቼ ደስ ብሏቸው ነበርና አመሰገንኳቸው፤ ቁርስ ጋብዤ ወደየቤታቸው መለስኳቸው።

ናሆም ከሰዓት በኋላ መጣ። አልተቀመጠም። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

«ዳድ፣ ኮች ጋ ሰው ልከሃል?»

«ሽማግሌ ነው የላክሁት።»

«ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ብላንኬት ለብሷል አለኝ። ወዲያው አወቅኋቸው።» ድምፁ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢልልኝ ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስከራከረው ነበር። ኮሉ፣ የምጠራው ፕሌይ ትክክል ነው፣ ችግሩ የተጎዱት ወፍራሞች ናቸው እያልኩት። ሊያምነኝ ነበር። ዛሬ ምን አለኝ መሰለህ? ‹የራስህ ቤተሰብ እንኳ እንደማትሰማ ያውቃል› አለኝ። ካርዱን ለሌላ ሰው ሰጠው።»

«ልጄ፣ ላድንህ ብዬ ነው። እንዲህ ነው የሚባለው። አጥፍቷል ሳይባል ይቅርታ...»

«እኔ ምንም አላጠፋሁም።» ይህን በአማርኛ ነው ያለው፤ ቃል በቃል፣ እያስተካከለ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ አለ፦ እነሱ ባያውቁ አይገርመኝም፤ አንተ ግን ታውቅ ነበር፤ ካርዱን ያሳየሁት ለአንተ ነው፤ በዚህ ከተማ ልክ መሆኔን የሚያውቅ አንድ ሰው አንተ ነበርክ። ጽጌ ከኩሽና ወጥታ ቆማ ነበር። ናሆም ሲወጣ ክፍት የተወውን በር ዘጋችው። መኪናው ሲነሳ ሰማሁ።

ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ጽጌ አልመጣም አለች። ናሆም ከመስታወቱ ክፍል ወርዶ ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ ሄድሴት የለውም፤ እጁን የት እንደሚያደርገው የቸገረው ሰው ይመስላል። ላይ ካርዱን የያዘው አንድ ሌላ ወጣት ነው። ከዚህ ርቀት ሆኜ የካርዱን ቀለም አየዋለሁ፤ የልጄ ካርድ ነው። ማርከስ ጉልበቱን አስሮ በግራ ገባ። ጨዋታው ሲጀመር ያው ነው፤ አጭር፣ አጭር፣ አጭር። ተከላካዮቹ ለምደውታልና አንድ አንድ እርምጃ እየተጠጉ መጡ። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። በሦስተኛው ሩብ ላይ ቡድኑ ተሰለፈ፤ አሰላለፉን ሳየው ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ቢጫዋ መስመር ናት። ወርዋሪው ወደ አጭሩ ዞረ፣ ክንዱን አነሳ፣ ተከላካዮቹ ሁሉ ወደ እዚያ ሮጡ፣ እሱ ግን ኳሱን ሳይለቅ ያዘው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ማርከስ ንቅንቅ አላለም። ኳሱ በሁሉም ራስ ላይ አልፎ ብቻውን የሚሮጥ ልጅ እጅ ውስጥ ገባ።

ስታዲየሙ ተናወጠ። የማላውቃቸው ሰዎች አቀፉኝ። ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ ትከሻዬን ጨብጠው «በመጨረሻ የሚያውቅ ሰው ጠራ» አሉኝ።

«ያን ፕሌይ የጻፈው ልጄ ነው» አልኳቸው። በዘንድሮው ጨዋታ ሁሉ ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«የትኛው ነው ልጅህ? ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥር የለውም» አልኩና ወደ ጠርዙ አመለከትኩ። ሰውየው አላዩትም፤ ቀጣዩን ለማየት ዞረዋል። ናሆም ያጨበጭባል። ደስ ብሎት ነው፤ ፊቱን አውቀዋለሁ፤ የእውነት ደስ ብሎት ነው፤ ማርከስን ሮጦ ሄዶ አቀፈው። ከዚያ ብቻውን ቆመ። ቡድኑ ሠላሳ አንድ ነጥብ አገባ። ሁሉም እሱ ከጻፈው ካርድ ላይ ነው። ወደ አጥሩ ወርጄ ስሙን ብጠራውስ ብዬ አሰብኩ፤ ግን አልወረድኩም።

ሰኞ ጠዋት ማንንም ሳልልክ ራሴ ሄድኩ። አሰልጣኙ ረጅም፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው። ተቀመጥ ሳይለኝ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አይነገርም። መኪና ውስጥ ያጠናሁትን እንግሊዝኛ እንዳለ አፈሰስኩት። ልጄ ግትር አይደለም አልኩት። እነዚያ ሰዎች የተናገሩት እኔ የሰጠኋቸውን ቃል ነው፣ ቃሉም ውሸት ነበር፣ እኛ ዘንድ ይቅርታ ለመጠየቅ ጥፋት ያስፈልጋልና ጥፋት ፈጠርኩለት አልኩት። ቅዳሜ የተጫወታችሁት የእሱ ነው አልኩት።

አሰልጣኙ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

«አውቃለሁ» አለ። «ቅዳሜ ማታ ቪዲዮውን ሳየው ገባኝ። እሁድ ጠዋት ካርዱን ልመልስለት ስደውል ግን ሥራውን እንደለቀቀ ኢሜይል ልኮልኛል። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ አያነሳም። እነዚያን ሁለት ሰዎች ወደ እሱ ሊልኩልኝ ይችላሉ?»

«እነሱን አይቀበላቸውም» አልኩት።

«እንግዲያው እርስዎ ይንገሩት። ይመለስ ብሏል ይበሉት። የአባቱን ስልክ አያነሳም አይባልም።»

«እሺ» አልኩት። ከረቡዕ ወዲህ ናሆም ስልኬን አንስቶ አያውቅም።